ለቤተ መጻሕፍት ወዳጅ መሆን የነጋዴም ሥራ ነው

ገበያ የማንንም ሰው ዝግጅት አይጠብቅም። ቡና በረከሰበት ቀን በእጁ ገንዘብ ያልያዘ ላኪ፣ ቡና በሚወደድበት ቀን የሚሸጠው አይኖረውም፤ መርከቡ ወደብ በደረሰ ጊዜ ሰነዱን ያላሰናዳ አስመጪም የመጋዘን ኪራይ ሲከፍል ይከርማል። ይህን ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን ይኸው የገበያ ሕግ የአገር ቅርስ በሚጠበቅበት በቤተ መጻሕፍትም ላይ የሚሠራ መሆኑን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። አንድ የብራና መጽሐፍ፣ አንድ የቈየ ደብዳቤ፣ ወይም አንድ የጥንት ካርታ ለሽያጭ የሚቀርበው በአንድ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ለአገሩ የሚገዛው ካልተገኘ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ ባሕር ይሻገራል። ከተሻገረ በኋላ ዋጋው አሥር እጥፍ ይሆናል፤ አሥር እጥፉ ቢገኝ እንኳ ባለቤቱ እሺ አይልም።

ይህን ችግር ለማቃለል በብዙ አገር የተገኘው መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው የተሰበሰቡ ሰዎች ጉባኤ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የንግድ ኩባንያም አይደለም። አባሎቹ በየዓመቱ መጠነኛ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ከመካከላቸው ጥቂት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ የተጠራቀመውንም ገንዘብ ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻው ሊፈጽመው በማይችለው ጉዳይ ላይ ያውሉታል። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሥራው ግን ትልቅ መሆኑን በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር የታየው ታሪክ ይመሰክራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብዙ ነገር ያየ ቤት ነው። በጠላት ወረራ ዘመን የኢጣልያ እንደራሴ ተቀምጦበታል፤ በ1937 የየካቲት 12 ሰማዕታት ጭፍጨፋ የጀመረውም በዚሁ ግቢ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1961 ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዩኒቨርሲቲው ሥር ሲመሠረት፣ ይኸው ቤት መቀመጫው ሆነ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ የቤተ መጻሕፍቱንና የሙዚየሙን መሠረት በመጣል ረገድ ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ ከፍ ያለ ድካም ደክመዋል። ቤተ መጻሕፍቱ በግዕዝ የተጻፉ ብራናዎችን፣ ስለ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ቋንቋ የታተሙ መጻሕፍትን፣ የቈዩ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን፣ የተማሪዎችንም የምርምር ጽሑፎች ሰብስቦ ይዟል። ስለ ኢትዮጵያ የሚመራመር ሰው፣ የአገር ተወላጅም ሆነ ባዕድ፣ ከዚህ ቤት ደጅ ሳይደርስ ሥራውን ለመፈጸም አይቻለውም።

እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደረው ከመንግሥት በሚሰጥ በጀት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገዛ የሚከተለው ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱም የተደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን ሲባል ገዢው ክፍል ከልዩ ልዩ ነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል፤ ዋጋዎቹን ያመዛዝናል፤ የሚሻለውን ይመርጣል፤ ክፍያውንም በበጀት ዓመቱ ውስጥ ይፈጽማል። ይህ አሠራር ለወንበር፣ ለወረቀትና ለቀለም ደኅና ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ለሆነ የብራና መጽሐፍ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይመጣል? ባለመጽሐፉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ችግር ያስገደደው ሰው ነው፤ ገንዘቡን የሚፈልገው ዛሬ እንጂ፣ ሰኔ 30 ቀን ካለፈና አዲሱ በጀት ከተፈቀደ በኋላ አይደለም። ከደጁ የቆመው የውጭ አገር ገዢ ግን ኮሚቴ አይሰበስብም፤ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። እንዲህ ባለው ውድድር ቤተ መጻሕፍቱ የሚሸነፈው ዋጋው ስለ በለጠበት ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ስላጠረበትም ነው።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች ማኅበር በ1968 የተቋቋመው ተቋሙን በዚህ ረገድ ለመርዳት ነበር። ኢትዮጵያውያንና በአዲስ አበባ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ተባብረው ገንዘብ አዋጡ፤ በተዋጣውም ገንዘብ ከአገር ሊወጡ ወይም በየሱቁ ሊበተኑ የተቃረቡ የብራና መጻሕፍት፣ ሥዕሎች፣ መስቀሎችና ሌሎች የእጅ ሥራዎች እየተገዙ ለተቋሙ ተሰጡ። የተቋሙን የቅዱሳን ሥዕሎችና መስቀሎች ስብስብ የተመለከተ ሰው፣ ካየው ውስጥ ጥቂት የማይባለው በዚህ ዓይነት መዋጮ የተገኘ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር፣ ማኅበሩ ለቤተ መጻሕፍቱና ለሙዚየሙ በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ሆነላቸው ማለት ነው። በጀት የሰጠውን ትልቁን ሥራ መንግሥት ሠራ፤ ጊዜ የማይሰጠውን ትንሹን ሥራ ወዳጆች ሠሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ትንሹ ሥራ ትንሽ ሆኖ አልተገኘም።

የወዳጆች እርዳታ በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። እንዲህ ባሉ ማኅበሮች ውስጥ የሒሳብ ዐዋቂው የማኅበሩን መዝገብ ይይዛል፤ ቋንቋ የሚያውቀው የቈየ ደብዳቤ ይተረጕማል፤ ማተሚያ ቤት ያለው ማስታወቂያውን በነጻ ያትማል፤ ጡረታ የወጣው መምህር የጋዜጣ ጥራዞችን በዓመትና በወር ለይቶ ይደረድራል። ምሁራንን እየጋበዙ ለሕዝብ ንግግር እንዲያደርጉ ማድረግም የታወቀ ተግባራቸው ነው። ይህ ሁሉ በደመወዝ ቢሠራ ብዙ ገንዘብ በጠየቀ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን ወዳጆች ለቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጡት ትልቁ ነገር ምስክርነት ነው። መቶ ሰው ከኪሱ እያወጣ የሚረዳውን ቤት ባለሥልጣን በቀላሉ አይረሳውም፤ በጀት ሲደለደልም «ይህ ቤት ለማን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ያገኛል።

በውጭ አገር የታየውም ይህንኑ ያጸናል። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የሚገኘው የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት በ1602 ሲከፈት፣ መሥራቹ ሰር ቶማስ ቦድሊ ለሥራው ካዋሉት ሀብት ብዙው ከሚስታቸው ጋር የመጣ ነበር፤ ሴትየዋም በዓሣ ንግድ የበለጸገ የአንድ ነጋዴ መበለት ነበሩ። ስለዚህ በዓለም ከታወቁት የዕውቀት ቤቶች አንዱ የቆመው ከዓሣ በርሜል በተገኘ ትርፍ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይኸው ቤተ መጻሕፍት ያን ያህል ዕድሜና ሀብት እያለው በ1925 የወዳጆች ማኅበር አስፈልጎታል፤ ማኅበሩም በእንግሊዝ አገር በዚህ ረገድ ከተቋቋሙት ከቀደሙት አንዱ ነው። በ1931 ደግሞ አንዱን ቤት ብቻ ሳይሆን የአገሪቱን ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የሚረዳ ሌላ የወዳጆች ማኅበር በሎንዶን ተመሠረተ። ባለጸጋው አገር ወዳጅ ካስፈለገው፣ ላልበለጸገው አገር የቱን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመገመት አያዳግትም።

የኦክስፎርዱ ቤተ መጻሕፍት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ከጐንደር ይዟቸው ከሄዱት ብራናዎች ብዙዎቹ በ1843 በግዢ ወደዚያ ቤት ገብተዋል። ከዚህ የከፋው ግን በ1868 የሆነው ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ከሞቱ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰብስበዋቸው የነበሩት መጻሕፍት ተዘረፉ፤ ዝርፊያውም በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ዘምቶ፣ ለዚሁ የተፈቀደለትን ገንዘብ ይዞ ነበር፤ ወደ 350 የሚሆኑ የኢትዮጵያ ብራናዎችም ወደዚያ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 በደብዳቤ ጠይቀው ያስመለሱት አንድ የክብረ ነገሥት መጽሐፍ ነው። ከዚህ ታሪክ ነጋዴ ሊማረው የሚገባው ነገር አለ፤ ዝርፊያው ግፍ መሆኑ ሳይረሳ፣ በጨረታው ሜዳ ላይ ዕድል የገጠመው ገንዘብ በእጁ የያዘው ወገን መሆኑ መታወቅ አለበት። የወጣውን ለማስመለስ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ደብዳቤ ሲጻፍ ኖሯል፤ ያልወጣውን ለማስቀረት ግን አንዳንድ ጊዜ የአንድ ጥዋት ጥሬ ገንዘብ ይበቃል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ተቃውሞዎቹም ሊናቁ አይገባም። የመጀመሪያው «ቅርስ መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ነጋዴው ግብሩን ከከፈለ ሌላ ዕዳ የለበትም» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፤ መንግሥት ከዚህ ግዴታው ነጻ ሊወጣ አይገባም፤ የወዳጆች ማኅበርም የመንግሥትን በጀት የሚተካ ቢሆን ኖሮ ጐጂ በሆነ ነበር። ነገር ግን ነጋዴ ራሱ በየቀኑ የሚሠራበትን ነገር ቢመለከት መልሱን ያገኘዋል። መንገዱን መንግሥት ሠርቶታል፤ ቢሆንም ከመንገዱ እስከ መጋዘኑ ደጅ ያለውን ጥርጊያ የሚደለድለው ባለመጋዘኑ ነው። ዘበኛ በከተማው አለ፤ ቢሆንም እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ቍልፍ ይገዛል። ወዳጆችም ለቤተ መጻሕፍቱ የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ለብራና ገንዘብ የሚከፍል ሰው ባይኖር የሚሰርቅም ባልኖረ ነበር፤ እንግዲህ ወዳጆች እየገዙ የሌባን ገበያ ያደልባሉ» ይባላል። ይህ ቃል እውነትነት አለው። ብዙው ብራና የቤተ ክርስቲያንና የገዳም ሀብት ነው፤ ከዕቃ ቤት በሌሊት የወጣ መጽሐፍ ጥዋት በከተማ ሱቅ ቢገኝ፣ ገዢው ለአገር ብሎ ቢገዛውም እንኳ ሌባው ደመወዙን አግኝቷል፤ በሌላ ሌሊትም ተመልሶ ይሄዳል። የገዳሙ መነኰሳት ደግሞ የሚጸልዩበትን መጽሐፍ አጥተዋል፤ መጽሐፉ በከተማ በመስተዋት ውስጥ በክብር መቀመጡ ለእነርሱ ኀዘናቸውን አያስቀረውም። በመሆኑም ያለ ሕግና ያለ ጥንቃቄ የሚገዛ ወዳጅ፣ ወዳጅ ሆኖ ጠላት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መልሱ መግዛትን ጨርሶ መተው ሳይሆን፣ የተሰረቀ ዕቃ አልቀበልም የሚል ጨዋ ነጋዴ የሚይዘውን ደንብ መያዝ ነው። ጨዋ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ ዕቃ ሲቀርብለት ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል፤ ዋጋው ከመጠን በላይ ሲረክስም ይጠራጠራል። የወዳጆች ማኅበርም እንዲሁ የሻጩን ማንነትና የመጽሐፉን አመጣጥ ሳያጣራ እጁን ወደ ኪሱ መስደድ አይገባውም። በመጽሐፉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ የስእለት ጽሑፍ ወይም ማኅተም ከተገኘ፣ ቀዳሚው ተግባር ለባለቤቱና ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማስታወቅ ነው፤ ባለቤቱ ከታወቀም መጽሐፉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመለሳል እንጂ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አይሄድም። ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቍጥር 229፣ በኋላም በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክለዋል። በሕጉ ጥላ ሥር የሚሠራ ማኅበር የሌባን ገበያ አያደልብም፤ እንዲያውም ሻጩ ሁሉ እንደሚጠየቅ ስለሚያሳውቅ ገበያውን ያጠብበታል።

ከዚህም ሌላ ሳይገዙ የማዳን ዘዴ አለ። በ1973 በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ በቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኝ የብራና ቤተ መጻሕፍት ትብብር በተከናወነው በዚህ ሥራ ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍት ፎቶግራፋቸው ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን መጻሕፍት እየመረመሩ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ብዙ ዓመት ደክመዋል። መጽሐፉ ከገዳሙ ሳይወጣ ቃሉ ለሊቃውንት ደረሰ፤ ቢሰረቅም የማን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ምስክር ተገኘ። ዛሬ ፊልሙ በኤሌክትሮኒክ ካሜራ ተተክቷል፤ ወጪውም ካለፈው ዘመን ቀሏል። አንድ የወዳጆች ማኅበር ለአንድ ካሜራ፣ ለአንድ ተሽከርካሪ ነዳጅና ለሁለት ሠራተኞች አበል ቢያዋጣ፣ አንድ ብራና በሚገዛበት ገንዘብ ብዙ ብራናዎች በየቦታቸው እንዳሉ ሊጠበቁ ይችላሉ። ለተቃዋሚውም ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ብራና ነው። ነጋዴውን ይበልጥ የሚነካው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የንግዱ የራሱ ታሪክ ነው። ፕሮፌሰር ፓንክረስት በ1968 ያሳተሙት፣ ከ1800 እስከ 1935 ያለውን ዘመን የሚያወሳው የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ መጽሐፍ፣ በብዙው የተደገፈው የውጭ አገር መንገደኞችና ቆንስሎች ጽፈው ባስቀሩት ማስረጃ ላይ ነው። የአሞሌ ጨው ዋጋ ስንት እንደ ነበረ፣ በማርያ ቴሬዛ ብር ምን ይገዛ እንደ ነበረ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ በየትኛው መንገድ ይጓዝ እንደ ነበረ የሚያስረዳው ብዙው ምስክር ለአንድ ወቅት የመጣ መንገደኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በቅሎውን ሲጭን የኖረው ነጋዴ ግን ቃሉ አልተሰማም። ያልተሰማውም የሚናገረው ስላልነበረው አይደለም፤ መዝገቡ ስላልተቀመጠለት ነው።

አንድ የቈየ የሱቅ መዝገብ ምን ሊናገር እንደሚችል ይታሰብ። በ1917 የምድር ባቡር አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የአቡጀዲና የቆርቆሮ ዋጋ በስንት ቀነሰ? በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በማርያ ቴሬዛ ብር ፈንታ ሲወጣ ባለሱቁ የቀድሞውን ዕዳ በምን ሒሳብ መነዘረው? ለማን ዱቤ ሰጠ? ማንስ ሳይከፍለው ቀረ? እነዚህ ጥያቄዎች የምሁር ጨዋታ አይደሉም። ዛሬ ስለ ታሪፍ፣ ስለ ብድርና ስለ ውጭ ምንዛሪ ደንብ የሚያወጣ ሰው ትናንት የሆነውን ሳያውቅ ቢያወጣ፣ ስሕተቱ የሚያርፈው በነጋዴው ራስ ላይ ነው። ንግድ ምክር ቤቱም ቢሆን ከ1947 ጀምሮ የቈየ ነው፤ በ1954 ያሳተመው ስለ ኢትዮጵያ የሚያስረዳ መምሪያ መጽሐፍ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ማስረጃ ሆኗል። በጊዜው ተራ የንግድ ወረቀት የነበረው ነገር በሁለት ትውልድ ውስጥ ቅርስ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ወረቀት ግን ከብራናም ይልቅ በቀላሉ ይጠፋል። ብራና የሚያምር በመሆኑ ሌባም ቢሆን ይጠነቀቅለታል፤ የሒሳብ መዝገብ ግን ማንም አይሰርቀውም፤ ሌባ የማይፈልገውን ደግሞ ባለቤቱም ይንቀዋል። አባት ሲሞት ልጆች ሱቁን ይከፋፈላሉ፤ መዝገቡ ግን በኪሎ ተመዝኖ ይሸጥና የቆሎና የቅመም መጠቅለያ ይሆናል። ድርጅት ባለቤት ሲለውጥ፣ እንደ 1975ቱ ያለ ውርስ ሲመጣ፣ ወይም መጋዘን ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጣለው የቈየ ፋይል ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የተባለው ለዚህ ይመስላል። የብራናው ጠላት የውጭ ገዢ ሲሆን፣ የንግድ መዝገብ ጠላት የገዛ ባለቤቱ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የወዳጆች ማኅበርና የነጋዴ መገናኘት ለሁለቱም ይጠቅማል። ቤተ መጻሕፍቱ የነጋዴውን መጋዘን አያውቀውም፤ ነጋዴውም ጓዳው ውስጥ ያለው ወረቀት ለማን እንደሚጠቅም አያውቅም። በመካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ወዳጅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነጋዴዎች ሁልጊዜ የሚፈሩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ምስጢር ነው። መዝገቡን የሰጠ ሰው ሒሳቡ በአደባባይ እንዳይነበብ ይሰጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም መድኃኒት አለው። ሰጪው በሚሰጥበት ጊዜ «ይህ መዝገብ እስከዚህ ዓመት ድረስ አይከፈት» ብሎ በጽሑፍ ሊያስገድድ ይችላል፤ ይህም በብዙ አገር ቤተ መዛግብት የተለመደ ውል ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ያለፈው ሒሳብ ተወዳዳሪን አያበለጽግም፤ ታሪክን ግን ያበለጽጋል።

የነጋዴ ሀብት ለዕውቀት የዋለበትን ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መቀመጫውን በኤደን አድርጎ በአዲስ አበባም ቅርንጫፍ የነበረው ፈረንሳዊው ነጋዴ አንቶናን ቤስ፣ በቆዳና በቡና ንግድ የታወቀ ሰው ነበር። ይህ ነጋዴ ካፈራው ሀብት በሰጠው ስጦታ በኦክስፎርድ የቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ በ1950 ተመሠረተ። ሰውየው የወደደውን ማድረጉ የራሱ መብት ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ገበያም ጭምር የተገኘ ትርፍ በኦክስፎርድ ኮሌጅ ሲያቆም፣ ያ ቡናና ያ ቆዳ የተሰበሰበበት አገር ቤተ መጻሕፍት ለመደርደሪያ የሚቸገር ከሆነ፣ ነገሩ ነጋዴን ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል።

ከነጋዴው የሚጠበቀው ኮሌጅ እንዲያቆም አይደለም። አስመጪው ከሚያስመጣው ሸቀጥ ጋር አሲድ የሌለው የመዝገብ ካርቶንና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ በዋናው ዋጋ ቢያስመጣ፣ ትራንዚተሩም የጉምሩኩን ሥራ ያለ ዋጋ ቢፈጽም፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ ስጦታ ነው። ላኪው በውጭ ያሉት ወኪሎቹ የኢትዮጵያ ብራና በጨረታ መቅረቡን ሲሰሙ ወዲያው እንዲያስታውቁት ሊያዝዝ ይችላል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ በገዛ ጭነቱ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ቅርስ እንዳይገባ መቈጣጠር አለበት። የጥንት ዕቃ የሚሸጠው ባለሱቅ አንድ መጽሐፍ ሲመጣለት አስቀድሞ ለተቋሙ ቢያስታውቅ፣ አሮጌ ወረቀት በኪሎ የሚገዛውም ከመቅደዱ በፊት አንድ ጊዜ ገልጦ ቢመለከት፣ ገንዘብ ሳያወጣ ወዳጅ ሆነ ማለት ነው። ንግድ ምክር ቤቱም በአባሎቹና በቤተ መጻሕፍት ወዳጆች መካከል ሆኖ የሚያገናኝ አንድ ትንሽ ኮሚቴ ቢሰይም፣ ሥራው መንገድ ያገኛል።

በገንዘብ ረገድ ደግሞ ነጋዴ የሚያውቀውን ደንብ ማኅበሩም ሊይዘው ይገባል። መዋጮ የሚከፍል ሰው ደረሰኝ ይቀበላል፤ የዓመቱ ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለጉባኤ ይቀርባል፤ የተገዛው ዕቃ በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ላይ ቍጥር ተሰጥቶት ይገባል እንጂ በማንም አባል ቤት አያድርም። ስሙን በጋዜጣ ለማስጠራት ብቻ የሚሰጥ ሰው ቢኖር አይከለከል፤ ማኅበሩ ግን በአንድ ባለጸጋ ትከሻ ላይ ብቻ መቆም የለበትም። አንዱ ትልቅ ለጋስ ሲሞት ወይም ሲከስር ማኅበሩ አብሮት ይወድቃል፤ ሁለት መቶ ሰው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ ግን ሁለቱ ቢቀሩም ሥራው ይቀጥላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ቃል ከማናቸውም የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ይልቅ ይህን አሳጥሮ ይናገረዋል።

ነጋዴ የዓመቱን መዝገብ ሲዘጋ በመጋዘኑ የቀረውን ዕቃ ይቈጥራል፤ ሳይቈጥር ያተረፈና የከሰረ መሆኑን አያውቅምና ነው። የአገር መጋዘን ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ በዚያ ያልተገኘው ዕቃ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። በዚህ ዓመት መጋዘኑን የሚያጸዳ፣ የአባቱን ሣጥን የሚከፍት፣ ወይም የቈየ ፋይሉን ለማስወገድ ያሰበ ነጋዴ ሁሉ፣ ወረቀቱን ለመዛኙ ከመስጠቱ በፊት አንድ ቀን ይታገሥና የቤተ መጻሕፍቱን ሰዎች ጠርቶ ያሳያቸው። የማይጠቅም ከሆነ ያጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የሚጠቅም ከሆነ ግን የልጅ ልጆቹ የአያታቸውን የእጅ ጽሕፈት በአገራቸው ቤተ መጻሕፍት ያነቡታል።